የካክተስ ዘር ኮምቦልቻ ላይ በሳምንት፣ ደሴ ላይ በወር፦ ከፍታው ነው ወይስ ሌሊቱ?

#1 ሐረጎ_ቁልቁለት

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ፓኬት የወጣ፣ በአንድ ዓይነት አፈር የተዘራ የካክተስ ዘር ኮምቦልቻ ላይ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ደሴ ላይ ግን ሦስት ሳምንት አልፎትም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። የተዘሩት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ኢኪኖካክተስ ግሩሶኒ (ክቡና ባለ ወርቃማ እሾኹ)፣ ማሚላሪያ (ትንሿ ክብ ካክተስ)፣ እንዲሁም ከገበያ ፍሬ የወጣ በለስ። ሁሉም ክዳን ባለው ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል።

የደሴ አየር ስለሳሳ ኦክስጅን አንሷቸው ይሆን? ወይስ ውሃው ደሴ ላይ በትንሽ ሙቀት ስለሚፈላ አፈሩ በደንብ አልጸዳም? ወይስ ብርዱ ብቻ ነው? በለሱ ደግሞ ኮምቦልቻም ላይ አልበቀለም።

#2 ጦሳ_ግርጌ

ሰላም ሐረጎ። «ከፍታ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ ነገር ስለሆነ ለያይተን እንየው።

ኦክስጅኑን ተወው። ደሴ መሐል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። የደሴ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ይህም ለዘር ይበቃል። ሬቡሺያና ሎቢቪያ የሚባሉት የካክተስ ወገኖች በቦሊቪያና በሰሜን አርጀንቲና አንዲስ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ማንም ሳይዘራቸው ይበቅላሉ። ዘርን አየር የሚያሳጣው ውሃ የጠገበ አፈር ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ገደማ በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ፣ ጭቃ ውስጥ የተዘራ ዘር ኮምቦልቻም ላይ ይታፈናል።

ትልቁ ነገር ሙቀቱ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 650 ሜትር 4 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ለሰው አራት ዲግሪ ጋቢ የመደረብ ጉዳይ ነው፤ ለዘር ግን በመብቀልና በመተኛት መካከል ያለው ድንበር እዚያው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሜክሲኮ ካክተሶች አብዛኞቹ አፈሩ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላሉ። 20 ላይ ሲወርድ ጊዜው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ከ15 በታች ዘሩ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል እንጂ ሥር አይሰድም፣ እንዲያ ሆኖ በቆየ ቁጥርም ሻጋታ ይቀድመዋል።

ስልክህ ላይ የሚታየውን የከተማ ሙቀት አትመን። ባለ ሽቦ ዲጂታል ቴርሞሜትር ፈልግና ጫፉን አፈሩ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር ቅበረው። ሁለት ጊዜ አንብብ፦ ጎህ ሲቀድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 8 ሰዓት። ቀን 25 ያሳየህ ዕቃ ጎህ ላይ 11 ቢያሳይህ አይግረምህ። አንድ ረድፍ መስታወት ያለው መስኮት ሥር ማለት ደሴ ውስጥ በሌሊት ከቤቱ ሁሉ የቀዘቀዘው ቦታ ነው። ምሽት ላይ ዕቃውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ፣ ከወለል ከፍ አድርገህ ማሳደር ብቻውን 3 እና 4 ዲግሪ ሊያተርፍልህ ይችላል።

ክዳኑንም አትክፈት። ክፍት ላይ ያለ እርጥብ አፈር ውሃው ሲተን ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። በጥቅምትና በኅዳር፣ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ፣ ይህ ብቻ ጥቂት ዲግሪ ይወስድብሃል።

#3 ቦርከና_ዳር

ጦሳ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ከኮምቦልቻ በኩል ግን የምጨምረው አለ፤ እኛ ጋ ዘር የሚጠፋው በተቃራኒው ምክንያት ነው።

የተከደነ ግልጽ ዕቃ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ውጭው 28 ዲግሪ እያለ ውስጡ እኩለ ቀን ላይ 45 ሊያልፍ ይችላል። 35 ላይ ብዙው የካክተስ ዘር መብቀሉን ያቆማል። ከ45 በላይ ለሰዓታት ከቆየ ደግሞ ውሃ የጠጣው ዘር ይበስላል፣ እሱ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ደረቅ ዘር ግን ይህን ሙቀት ይችለዋል፤ ችግሩ ከረጠበ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ፦ ብሩህ ጥላ። ነጭ ስስ ጨርቅ ወይም ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ የጥላ መረብ፣ ከዕቃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። በክዳኑ ላይ አታልብሱት፣ ሙቀት ያምቃል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ያለውን ሙቀት እጃችሁን ዘርግታችሁ ብቻ ታውቁታላችሁ።

#4 ኩታበሯ

የእኛ ቦታ ከደሴም ይብሳል። ቀኑን በመስኮት ፀሐይ እናሞቀዋለን እንበል፣ ሌሊቱንስ ምን ይደረግ? መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተማመን አይቻልም።

#5 ጦሳ_ግርጌ

አብሽሪ እህቴ፣ ያለ መብራት ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥሩ ካርቶን፣ የጤፍ ጭድና ሁለት ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።

ካርቶኑ ከታችም ከጎንም 10 ሴንቲ ሜትር ጭድ ይጎዝጎዝበት። ጭዱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጭድ ሙቀት አይይዝም፣ ሻጋታም ያመጣል። ጠርሙሶቹን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 50 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ሙይ። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከሦስት እጅ ገደማ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ጋር ብትቀላቅዪ እዚያ አካባቢ ይመጣል። የፈላ ውሃ በቀጥታ አትገልብጪ፤ ፕላስቲኩ ከ70 ዲግሪ በላይ ይጨማደዳል። ጠርሙሶቹን አጋድመሽ በመካከላቸው የዘሩን ዕቃ አስቀምጪ። ጠርሙሱ ዕቃውን እንዳይነካ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተዪ። ከላይ በብርድ ልብስ ወይም በጭድ በተሞላ ጆንያ ክደኚው።

ሒሳቡ ይህ ነው። 4 ሊትር ውሃ ከ50 ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 500 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል። በ10 ሰዓት ሲካፈል 14 ዋት ያህል ነው፣ ይህም የትንሽ ማሞቂያ ምንጣፍ ጉልበት። መጀመሪያ ሌሊት በርከት ብሎ ወደ ንጋት ያንሳል፤ ጎህ ላይ ቴርሞሜትሩ ከ16 በታች ካሳየሽ ሦስተኛ ጠርሙስ ጨምሪ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዕቃውን ወደ ብርሃን አውጪው። የማሚላሪያና የግሩሶኒ ዘር ብርሃን ይፈልጋል፤ ካርቶን ውስጥ ቀኑን ከዋለ ሙቀቱ ቢመችም አይበቅልም። ሌሊት ወደ 16 እና 18 መውረዱ አይጎዳም፣ የቀንና የሌሊት ልዩነት የሚወዱም አሉ። የሚጎዳው 10 እና 11 ላይ ማደሩ ነው።

#6 የበለስ_አጥር

የበለሱን ለእኔ ተዉት። መጀመሪያ ግን ስሙን እናጥራ። ብዙ ሰው ቁልቋል ሲል ሁለት የማይዛመዱ ተክሎችን በአንድ ስም ይጠራል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉን ወደ ላይ የሚያቆመው ያገራችን ቁልቋል የዩፎርቢያ ወገን ነው፤ ካክተስ አይደለም። ጠፍጣፋ አካል ያለው፣ ፍሬው የሚበላው በለስ ግን ከሜክሲኮ የመጣ እውነተኛ ካክተስ ነው። የዩፎርቢያ ዘር ቆይቶ ሲዘራ ብዙውን ጊዜ ይከሽፋል፣ የበለስ ዘር ደግሞ ሲቆይ ይሻለዋል። የአንዱን ምክር ለሌላው ካዋላችሁ ሁለቱም አይሆኑም።

ትኩስ የበለስ ዘር ኮምቦልቻም ላይ ያልበቀለው በሙቀት አይደለም። ዘሩ በአጥንት መሰል ቅርፊት ተለብጧል፣ ሥሩ ያንን ገፍቶ መውጣት አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው።

በደንብ የበሰለ ፍሬ ምረጡ። ጸጉር መሰሏን ጥቃቅን እሾህ በሣር አሽታችሁ በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ሰንጥቁት። ሥጋውን ከነዘሩ በጣሳ ውሃ ውስጥ 2 ቀን አቆዩት። ሲላላ ወንፊት ላይ እያሻችሁ እጠቡ፤ የሚንሳፈፈው ዘር ባዶ ስለሆነ ይደፋ። በጥላ ለሳምንት አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። ዓመት ያስቆጠረ ዘር ከትኩሱ የተሻለ ይበቅላል።

ስትዘሩ ዘሩን በሁለት ብርጭቆ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ፈትጉ፤ ወይም በጥፍር መቁረጫ ጠርዙን ጥቂት ብቻ ንኩት። ዘሩ በአንድ ጎኑ እንደ እምብርት የገባ ቦታ አለው፣ ሥሩ በዚያ ስለሚወጣ እዚያ አካባቢ አትንኩ። 24 ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን አንድ ጊዜ ቀይሩ። በለስ እንደ ማሚላሪያ ላይ ላዩን አይዘራም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ቅበሩት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ላይ የመጀመሪያው በ2 እና 3 ሳምንት ብቅ ይላል፣ የመጨረሻው ግን እስከ 3 ወር ሊያስጠብቅ ይችላል። ዕቃውን ቶሎ አትድፉት።

ሲበቅል ካክተስ አይመስልም። ሁለት ወፍራም፣ ለስላሳ፣ እንደ ጎመን ዘር ቡቃያ ያሉ ቅጠሎች ያወጣል፤ እሾሁ የሚመጣው ከመካከላቸው በሚወጣው ጉብታ ላይ ነው። አረም መስሎት የሚነቅለው ብዙ ነው። ከአንድ ዘር ሁለት ቡቃያ ከወጣም አትደነቁ። ከመካከላቸው አንዱ ከእናት ተክሉ አካል በቀጥታ የተፈጠረ፣ ከእናቱ የማይለይ ሊሆን ይችላል።

የተረፈውን ዘርና ፍሬ ሜዳ ላይ አትጣሉ። በለስ ግጦሽ መሬት ላይ ከገባ ማስወጣቱ የዓመታት ሥራ ነው።

#7 ሐረጎ_ቁልቁለት

እግዜር ይስጣችሁ። የአፈሩን ማጽዳት ግን ገና አልመለሳችሁልኝም።

#8 ሆጤ_ችግኝ

ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ 94። ይህ ለሻይና ለባቄላ እንጂ ለአፈር ማጽዳት አያሳስብም። ቡቃያን ግርጌው ላይ አበስብሶ የሚጥሉት ፒቲየም፣ ሪዞክቶኒያና ፉዛሪየም የተባሉ ሻጋታዎችና መሰሎቻቸው ናቸው፤ 80 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ የቆየ እርጥብ አፈር ለእነሱ ይበቃል። ማሳለፉ እንዲያውም ጉዳት አለው፦ ኮምፖስት ያለበት አፈር ከመጠን በላይ ሲግል አሞኒያ ይለቃል፣ የቡቃያውንም ሥር ያቃጥላል።

ድስት ውስጥ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠህ ሦስት ጣት ውሃ ጨምር። አፈሩን በጨርቅ ቋጥረህ ድንጋዩ ላይ አኑረውና ክደነው። መሐሉ ላይ የእንቁላል ያህል ድንች ቅበር። ድንቹ ሲበስል አፈሩ ደርሷል። ደሴ ላይ ድንች ከቆላው ዘግይቶ ስለሚበስል ይህ መለኪያ ወደ ጥንቃቄው ያደላል። ሳትከፍተው በዚያው ይቀዝቅዝ፤ ተከፍቶ ሲቀዘቅዝ የኩሽናውን ሻጋታ መልሶ ይስባል።

ስለ አፈሩ፦ 3 እጅ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ተወንፍቶ የታጠበ ቀይ አሽ (ቀዳዳማው የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ 1 እጅ ውሃው ጥርት እስኪል የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ኮምፖስት። የደሴን ጥቁር ዋልካ አትቀላቅሉ። ሲረጥብ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል።

ዕቃው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፣ 4 ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል። ዘሩን በረኪና 1 ለ 9 ውሃ ቀላቅላችሁ ለ5 ደቂቃ ንከሩና ሦስት ጊዜ እጠቡ። አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውሃ ውስጥ ዕቃውን ለ20 ደቂቃ አስቀምጡ፤ ከታች ይጠጣ። ካነሳችሁት በኋላ አንድ ጠብታ እስከማይወርድ ይንጠፍጠፍ። ይህን አትዝለሉ፣ ጦሳ የተናገረው የአየር እጥረት እዚህ ላይ ነው የሚፈጠረው። ከዚያ ጥቃቅኑን ዘር ላይ ላዩን በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት በትኑ፣ በንጹሕ የብርጭቆ ቂጥ ጫን ጫን አድርጉ፣ አፈር አታልብሱ። ዕቃውን በግልጽ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ በላስቲክ እሰሩ። ከዚህ በኋላ ውሃ የለም። የፌስታሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ እስከታየ ድረስ ይበቃዋል።

#9 ሐረጎ_ቁልቁለት

አንድ ልጨምር። ኮምቦልቻ ላይ የበቀሉት አተር ሳያክሉ ቀልተዋል። በሽታ ነው?

#10 ጦሳ_ግርጌ

በጣትህ ሳይሆን በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ አድርገው። ቀይ ሆኖ ጠንካራ ከሆነ ብርሃን በዝቶበት ራሱን እየጋረደ ነው፤ ቀለሙ ቤታላይን ይባላል፣ የቀይ ሥርም ቀለም እሱው ነው። ጥላ ጨምርለት፣ በሁለት ሳምንት አረንጓዴው ይመለሳል። ግርጌው ቡናማና ውሃ ያዘለ መስሎ ወደ ጎን ከተኛ መበስበስ ነው፤ እሱን ከዙሪያው አፈር ጋር በማንኪያ አውጣና ፌስታሉን ለግማሽ ቀን ክፈተው። ቀጭንና ገርጣ ብሎ ከተመዘዘ ደግሞ ብርሃን አንሶታል።

ከፍታ በእውነት የራሱ ድርሻ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በመስታወት ውስጥ ያደገ ቡቃያ አብዛኛውን የሚያቃጥል ጨረር ሳያየው ስላደገ፣ ደሴ ላይ በአንድ ቀን ወደ ውጭ ከወጣ ቆዳው ነጭ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ፌስታሉን ከ6 እስከ 8 ሳምንት አትንካው። ከዚያ በየሳምንቱ በመርፌ አምስት አምስት ቀዳዳ እየጨመርክ ክፈተው። ውጭ ማውጣቱን ከስድስት ወር በኋላ ከጠዋቱ ፀሐይ ጀምር፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ደቂቃ አይብለጥ።

#11 ሶስት_ኮረብታ

ካክተስ ሌሊት ቀዝቃዛ ሲሆን ነው የሚተነፍሰው ይባላል። ታዲያ የደሴ ሌሊት ለምን ይጎዳዋል?

#12 ቦርከና_ዳር

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ያ ያደገ ካክተስ ነው። ውሃ ለመቆጠብ ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ ቀዝቃዛ ሌሊትም ይመቸዋል። ቡቃያ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ተክል በቀን ነው የሚሠራው፣ ወደዚያ ሥርዓት የሚገባው ቀስ በቀስ ነው። ዘሩማ ገና ፎቶሲንተሲስም የለው፤ ሌሊት የሚፈልገው ሙቀት ነው፣ የተከማቸውን ምግብ ወደ ሥር የሚለውጡት ኢንዛይሞች እንዲሠሩ።

ከማሞቁ በፊት ግን ዘሩን ለቦታው መምረጥ ይቀላል ባይ ነኝ። ገብስ ቆላ አይዘራም። ለደሴ፣ ለኩታበርና ለቦሩ ሜዳ የአንዲስ ደጋ ካክተሶች ይሁኑ፦ ሬቡሺያ፣ ሎቢቪያ፣ ትራይኮሰሪየስ። እነዚህ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው አፈር ይበቅላሉ፣ ከ30 በላይ የሚያስቆማቸውም አሉ። የሬቡሺያ ዘር ግን ቶሎ ያረጃል፤ ዓመት ሳይሞላው ዝሩት። ለኮምቦልቻና ለሐርቡ አስትሮፊተም፣ ፌሮካክተስ፣ ግሩሶኒ፣ ድራጎን ፍሩት። አስትሮፊተም 28 ዲግሪ ላይ በ3 ቀን ሲፈነዳ ማየት ደስ ይላል።

ጊዜውንም አስቡ። ደሴ ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝሩ፣ ቡቃያው ክረምቱን የሚቀበለው ጠንከር ብሎ ነው። ሐምሌ ላይ ጉምና ደመናው ብርሃን ይነሳል፣ አፈሩ አልጌ ያበቅላል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለ ማሞቂያ አትሞክሩ።

#13 ሐረጎ_ቁልቁለት

ገባኝ። ደሴ ያሉት ዕቃዎች አሁን ጎህ ላይ 12 ዲግሪ አሳይተዋል። ዘሮቹ ሞተዋል ማለት ነው? ወይስ ከነፌስታላቸው ኮምቦልቻ ላውርዳቸው?

#14 ቦርከና_ዳር

አልሞቱም ይሆናል። አንዷን ዘር በመርፌ ጫፍ ጫን በላት። ፈርጣ ውሃ ከወጣት በስብሳለች፤ ጠንካራ ከሆነች ወይም ስትሰነጠቅ ውስጧ ነጭና ጽኑ ከሆነ ተኝታለች። የተኛ ዘር ውሃውን ስለጠጣ ሙቀት ካገኘ ከአዲሱም ይፈጥናል። ሻጋታ የታየበትን ዕቃ ግን ለይተህ ተው፣ ከሌሎቹ ጋር አታውርደው።

ለማውረዱ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ የአየሩ ግፊት 8 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ደሴ ላይ የታሰረው ፌስታል ይሟሽሻል፣ ተጣብቆም ቡቃያውን ይጫናል። አራት ቀጭን እንጨት ማዕዘኑ ላይ ሰክተህ ደግፈው። በመልሱ ጉዞ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የታሰረው ደሴ ሲደርስ ይነፋል፣ ላስቲኩንም ሊያስፈነጥረው ይችላል። ስለዚህ ስትመለስ ትንሽ አየር አስተንፍሰህ ላላ አድርገህ እሰር። ሁለተኛው፣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር አታስቀምጠው። በፀሐይ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ይበስላል። ጉልበትህ ላይ በጋዜጣ ሸፍነህ ያዘው።

ለ10 ቀን ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ማታ ማታ ቤት ይግባ። መጀመሪያ ማሚላሪያዋን አውርዳት፤ ከሦስቱ ቶሎ መልስ የምትሰጥህ እሷ ናት። በለሱን ግን ከማውረድህ በፊት አውጥተህ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው።